ዶሯችን ታመመች ወይስ ልብሷን ቀየረች?

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባል ነኝ። በዚህ እትም የሳይንስ ዓምድ ስለ ዶሮ ላባ ልጽፍላችሁ ነው። «ስለ ዶሮ ላባ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን በዘንድሮው ቅበላ ሰሞን በቤታችን የሆነው ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ።

በመጀመሪያ እንቆቅልሽ ልጠይቃችሁ። እንቆቅልሽ! (ምን አውቅልሽ በሉኝ።) «ሲወለድ ጥጥ ለባሽ፣ ሲያድግ ላባ ለባሽ፣ ዘመን ሲመጣ ሁሉን አውልቆ እንደገና ለባሽ።» ካላወቃችሁ አገር ስጡኝ ሳልላችሁ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የማክሰኞ ማታው ነገር

የከተማችን ስም ራሱ እንደሚናገረው ገበያችን ሮብ ነው። ያ ሮብ ግን እንደ ሌላው ሮብ አልነበረም፤ የቅበላ ሮብ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ስለቀረው ሰው ሁሉ ዶሮና እንቁላል ይገዛል። ከዚያ በኋላ ፋሲካ እስኪደርስ 55 ቀን ሙሉ ዶሮ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ዶሮ የሚሸጥ ሰው ወይ በዚያ ሮብ ይሸጣል፣ ወይ ፋሲካን ይጠብቃል።

ማክሰኞ ማታ እናቴ ገብስማዋን ዶሯችንን ከቆጥ ላይ አውርዳ በባትሪ አየቻት። አንገቷ ተመልጧል። ደረቷ ላይ ቆዳዋ ይታያል። ከጅራቷ የቀሩት ሁለት ላባዎች ብቻ ናቸው። ቆዳዋ ላይ ደግሞ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ነገር ይረግፋል። ጫጩቶቿን ካሳደገች ወዲህ እንቁላል አልጣለችም።

እናቴም «ይቺ ዶሮ አልቆላታል። ፈንግል ሳይሆን አይቀርም። ሌሎቹን ሳትጨርስብን ነገ ገበያ ትውጣ፤ ያወጣችውን ታውጣ» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። ይቺ ዶሮ ለእኔ ዝም ብላ ዶሮ አይደለችም። ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛልኝ በእንቁላሏ ነው። ደግሞም ሌላ ነገር አሳሰበኝና እንዲህ አልኩ፦

«እማ፣ ታማ ከሆነ እንዴት ለሰው እንሸጣለን? የገዛት ሰው ቤት ያሉትን ዶሮዎች ትጨርስበት የለም እንዴ? ካልታመመች ደግሞ ለምን በርካሽ እንሰጣታለን?»

እናቴ ዝም አለች። ምድጃው ዳር የተቀመጡት አያቴ ግን ሳቅ ብለው «እውነቷን ነው። ዶሮም እኮ ጊዜው ሲደርስ ላባዋን ትጥላለች። ድሮም ላባ የምትጥል ዶሮ አትታረድም። ሥጋም የላት፣ ለመንጨትም አትመች» አሉ።

«እሽ እማማ፣ ከታመመችው በምን ትለያለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱንማ የተማርሽው አንቺ ንገሪን እንጅ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የጫጩቶቹ ደብተሬ ትዝ አለኝ።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት

ይቺው ገብስማ ዶሮ በመስከረም መጨረሻ 13 እንቁላል ታቅፋ ነበር። በ21ኛው ቀን 10 ጫጩት ፈለፈለች። በዚያን ሰሞን የሳይንስ መምህራችን «የአንድ እንስሳ ዕድገት እየተከታተላችሁ መዝግቡ» ብለው የቤት ሥራ ሰጥተውን ስለነበር፣ እኔ ጫጩቶቹን መረጥኩ። የጻፍኩትን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ ሲወጡ እርጥብ ነበሩ። በእናታቸው ሥር ትንሽ ሲቆዩ ደረቁና እንደ ጥጥ ተነፉ። ይህ ጥጥ የሚመስለው ለስላሳ ጸጉር የመጀመሪያ ልብሳቸው ነው። 4ቱ ቢጫ፣ 4ቱ በጀርባቸው ላይ ቡናማ መስመር ያለባቸው፣ 2ቱ ጥቁር ነበሩ።

1ኛ ሳምንት፦ ክንፋቸው ላይ ትንንሽ የላባ ጫፎች ታዩ። ሌላው ሰውነታቸው ጥጥ ነው፤ ክንፋቸው ብቻ ላባ ሆነ። አንዱን ጫጩት ጭልፊት ወሰደው።

3ኛ ሳምንት፦ ጅራት አበቀሉ። ትከሻቸውና የደረታቸው ጎንና ጎን ላባ ያዘ። ጀርባቸውና አንገታቸው ገና ጥጥ ነው። እዚህም እዚያም ስለሆነ የተቦጨቀ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። እኅቴ «እነዚህስ ምን ነካቸው?» እስክትል ድረስ አስቀያሚ ሆኑ። አንዱን ሸለምጥማጥ በላው፤ አንዱን ደግሞ እንደገና ጭልፊት ወሰደው። 7 ቀሩ።

5ኛ ሳምንት፦ ጀርባቸው ተሸፈነ። ጭንቅላታቸውና አንገታቸው ብቻ ጥጥ እንደሆነ ቀረ።

7ኛ ሳምንት፦ ጥጡ ሁሉ ጠፋ። አሁን ትንንሽ ዶሮዎች ሆኑ። መልካቸው ግን የመጀመሪያው አይደለም። ቢጫ ከነበሩት አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ሆነ። ጥቁር የነበረው ነጭ ነጠብጣብ አወጣና ዥግራማ ሆነ። ስለዚህ ጫጩት በጥጧ ቀለም አይታወቅም፤ እውነተኛ ቀለሟ የሚታወቀው ላባ ስትለብስ ነው።

3ኛ ወር፦ አሁንም ላባ ወደቀ! በጣም ገረመኝ። ያንን የልጅነት ላባ ጥለው ሌላ አበቀሉ። 3ቱ አንገታቸውና ወገባቸው ላይ ቀጭንና ሹል፣ የሚያብለጨልጭ ላባ አወጡ፤ እነሱ አውራ ናቸው። የ4ቱ ላባ ጫፍ ክብ ነው፤ እነሱ ቄብ ናቸው። ስለዚህ ጾታቸውን የነገረኝ ላባቸው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ጫጩት እስክታድግ ድረስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ልብስ እንደምትቀይር ነው። መጀመሪያ ከጥጥ ወደ ልጅነት ላባ፣ ቀጥሎ ከልጅነት ላባ ወደ አዋቂ ላባ።

ለምን ትቀይራለች? እኛም ብንሆን የ1ኛ ክፍል ዩኒፎርማችንን 7ኛ ክፍል አንለብሰውም። ላባ አንዴ ከበቀለ በኋላ ከአካል ጋር አብሮ አያድግም። ጥጡ ደግሞ ሙቀት ይይዛል እንጅ ዝናብ አይከለክልም፤ ለመብረርም አይሆንም። ጫጩት በእናቷ ክንፍ ሥር እያለች ይበቃታል፤ ብቻዋን ስትሆን ግን አይበቃትም።

ለዚህ ነው ላባ ያልለበሱ ጫጩቶችን ከእናታቸው መለየት አደገኛ የሚሆነው። አንዳንድ ሰው እናቲቱ ቶሎ እንቁላል እንድትጥል ብሎ ጫጩቶቹን በ2 ወይም በ3 ሳምንታቸው ይለያል። እንደ እኛ አገር ባለ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው። ጀርባቸው ገና ጥጥ የሆነ ጫጩቶች የራሳቸውን ሙቀት መያዝ አይችሉምና ይሞታሉ። ጀርባቸውና ደረታቸው በላባ እስኪሸፈን፣ ማለትም 5 ወይም 6 ሳምንት እስኪሆናቸው፣ ከእናታቸው ጋር ይቆዩ። ከዚያ በፊት የግድ መለየት ካለባቸው ሙቅ ቦታ ይዘጋጅላቸው።

ላባ ምንድን ነው? ከየትስ ይወጣል?

ላባ የሚሠራው ኬራቲን ከሚባል ነገር ነው። የእኛ ጸጉርና ጥፍር፣ የበሬ ቀንድ፣ የዶሮ መንቁርም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ጥፍራችንን ስንቆርጥ እንደማያመን ሁሉ፣ አድጎ ያለቀ ላባም ሕይወት የለውም። ስለዚህ ቢሰበርና ቢያረጅ ራሱን መጠገን አይችልም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ወድቆ በአዲስ መተካት።

እያንዳንዱ ላባ ቆዳ ውስጥ የራሱ ትንሽ ቀዳዳ አለው። አዲሱ ላባ ከዚያው ቀዳዳ ሥር ይበቅልና አሮጌውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የእኛ የወተት ጥርስ በአዲስ ጥርስ ተገፍቶ እንደሚወድቀው ማለት ነው። ጫጩቶቹ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። 3ኛው ሳምንት ላይ አንዷን ይዤ ሳያት፣ ጥጡ ከአዲሱ ላባ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቆይቶ ተበጠሰና ወደቀ።

አዲስ ላባ ሲወጣ ወዲያው ላባ አይመስልም። እንደ ወፍራም መርፌ ወይም እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ያለ ነገር ነው። ላባው በቀፎው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በውስጡ ደም አለ፤ ላባውን የሚመግበው እሱ ነው። ላባው ሲያድግ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፤ ቀፎው ይደርቅና እየተፈረፈረ ይረግፋል፤ ላባውም ይዘረጋል። ያ ፍርፋሪ ነጭ ነው። ፎረፎር ይመስላል።

አያችሁ? እናቴ እከክ የመሰላት ይህ ነበር!

እንደገና ወደ ማክሰኞ ማታ

ደብተሬን ካነበብኩ በኋላ «እማ፣ እስኪ ባትሪውን ያዥልኝ» ብዬ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። የተመለጠውን አንገቷን ቀስ ብዬ ዳበስኩት። ቆዳዋ ለስላሳ አልነበረም፤ ይኮሰኩሳል። ጠጋ ብለን ስናይ በየቀዳዳው ትንንሽ ቀፎ በቅሏል! ልክ በጫጩቶቹ ላይ ያየሁት። ደረቷም ላይ እንዲሁ። ክንፏን ስዘረጋው መካከል ላይ ሁለት ላባ ጎድሏል፤ በእነሱ ቦታ አጫጭር አዲስ ላባ ብቅ ብሏል።

እናቴ «እንዴ! ይሄማ እየበቀለ ነው» አለች።

ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ስለዚህ ሮብ ጠዋት ዶሮዋን በቅርጫት ይዘን ወጣን፤ ግን ወደ ዶሮ ተራ ሳይሆን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው ነው የሄድነው። ባለሙያው ዓይኗን፣ አፏን፣ ኩሷን አዩና «ዶሯችሁ ጤነኛ ናት። ላባ እየቀየረች ነው። መግቧት» አሉን። ከዚያም እየጠየቅኋቸው ያስረዱኝን ነው ቀጥዬ የምጽፍላችሁ።

ያደገች ዶሮስ ለምን ላባ ትጥላለች?

ያደገች ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ላባዋን ትቀይራለች። በአንድ ዶሮ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ላባ አለ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢረግፍ በብርድ ትሞት ነበር፤ ስለዚህ በተራ ነው የሚወድቀው። መጀመሪያ ጭንቅላትና አንገት፣ ቀጥሎ ደረትና ጀርባ፣ ከዚያ ክንፍና ጅራት። ክንፏ ላይም ተራ አለው። ዋናዎቹ 10 የክንፍ ላባዎች ከመካከል ጀምረው ወደ ክንፉ ጫፍ በየተራ ይወድቃሉ። አንዱ የክንፍ ላባ ሙሉ ሆኖ እስኪያድግ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጠቅላላው ሥራ ከ2 እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል።

ቀኑ በወቅት በጣም በሚያጥርባቸው እንደ አውሮፓ ባሉ አገሮች ዶሮዎች ላባ የሚቀይሩት በብዛት ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። በእኛ አካባቢ ግን በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ዶሮዎች ሁሉም በአንድ ወር አይቀይሩም። ብዙ ጊዜ የሚቀይሩት ታቅፈው ጫጩት ካሳደጉና ከደከሙ በኋላ ነው። የእኛም ዶሮ 7 ልጆች አሳድጋ ነው ልብሷን ያወለቀችው።

እንቁላልስ ለምን ታቆማለች? ይህ ዋናው ነጥብ ነው። ከላባ 100 እጅ ውስጥ 85 የሚሆነው ፕሮቲን ነው። እንቁላልም የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ዶሮዋ የምትበላው አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት። እናቴ ለልብስ የያዘችውን ብር ለዘይት ብታውለው ልብሱ እንደሚቀረው፣ ዶሮም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም። ስለዚህ እንቁላሉን ትታ ላባውን ትሠራለች። ሰንፋ አይደለም፣ ታማም አይደለም።

የአገራችን የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ትታቀፋለች፣ ልጆች ታሳድጋለች፣ ላባም ትቀይራለች። ብዙ እንቁላል የሚጥሉት የፈረንጅ ዶሮዎችም ቢሆኑ ላባ ሲቀይሩ እንቁላል ያቆማሉ።

ታማ ነው ወይስ ልብስ እየቀየረች? እንዴት እንለያለን?

እነዚህን 5 ነገሮች እዩ።

1. ቀፎ አለ ወይ? የተመለጠውን ቦታ ዳብሱ። የሚኮሰኩስ አዲስ ቀፎ ካለ ላባ እየቀየረች ነው። ቆዳው ቀልቶ፣ ቆስሎ ወይም ላባው ከመካከሉ ተሰባብሮ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

2. ትበላለች ወይ? ላባ የምትቀይር ዶሮ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ሰው ሲይዛትም አትወድም። ጥሬ ሲበተንላት ግን ትመጣለች፣ ትጭራለች፣ ውኃ ትጠጣለች። የታመመች ዶሮ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ትይዛለች።

3. ኩሷ እንዴት ነው? አረንጓዴ ተቅማጥ ካላት በሽታ ነው።

4. አተነፋፈሷና አንገቷስ? አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ አንገቷ የሚጠማዘዝባት፣ እግሯ ወይም ክንፏ የማይታዘዝላት ከሆነ ፈንግል ሊሆን ይችላል።

5. አንድ ናት ወይስ ብዙ? ፈንግል በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮ ይይዛል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይጨርሳል። ላባ መቀየር ግን ከዶሮ ወደ ዶሮ አይተላለፍም።

ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በአገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ስለዚህ ዶሯችሁ የፈንግል ምልክት ካሳየች ለብቻዋ ለዩዋትና ለባለሙያ ንገሩ። ገበያ አታውጧት! የታመመች ዶሮ ገበያ ስትወጣ በሽታው በቅርጫት ሆኖ ወደ ስንት ቤት ይሄዳል።

ደግሞ መላጣ ዶሮን አትርሱ። ከተፈለፈለች ጀምሮ አንገቷ ላባ የሌለው የዶሮ ዓይነት አለ። እሷ አልታመመችም፤ ላባም እየቀየረች አይደለም። ከወላጆቿ የወረሰችው ነው።

የእኔ ስህተት

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ በሠፈራችን «የዶሮ ሐኪም» ተባልኩ። እኔም ደስ አለኝ፤ ትንሽ ኮራሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ጠሩኝና «እስኪ የኔንም እይልኝ» አሉኝ። ዶሯቸው ጀርባዋና የጅራቷ ሥር ተመልጧል። እኔም ሳልይዛት፣ ሳልዳብሳት፣ ቆሜ «አይዞዎት፣ ልብስ እየቀየረች ነው» ብያቸው ሄድኩ።

ከ2 ሳምንት በኋላ ሳያት ብሶባታል። አሁን ያዝኳትና ጅራቷ ሥር ያለውን ላባ ገለጥኩት። ቀፎ የሚባል የለም። ቆዳዋ ቀልቷል። በቆዳዋ ላይ ደግሞ ትንንሽ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ቅንቅን ነበር! እጄ ላይ ሳይቀር ወጣብኝ። ከራሴ ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያውን ነገር፣ ቀፎ አለ ወይ የሚለውን፣ ሳላይ ነው ፍርድ የሰጠሁት።

እትዬ ዘንድ ሄጄ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «አይ ልጄ፣ ማወቅሽንም መሳሳትሽንም የነገርሽኝ አንቺው ነሽ» ብለው ሳቁ። ከእንስሳት ጤና ባለሙያው መድኃኒት አመጡ፤ የዶሮ ቤቱን ጠረግን፣ ቆጡን በፈላ ውኃ አጠብን፣ የምትንከባለልበት ደረቅ አመድና አፈር አደረግንላት። ዶሮዋ ዳነች። ጀርባዋ ላይ ብቻ የሚመለጥ ዶሮ ካለች ደግሞ አውራው በጥፍሩ እየቧጠጣት ሊሆን እንደሚችል ባለሙያው ጨምረው ነግረውኛል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የተመለጠ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ የተመለጠ ሁሉም ጤነኛ አይደለም። ይዞ፣ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ላባ ለምትቀይር ዶሮ ምን እናድርግላት?

አንደኛ፣ ገንቢ ምግብ እንስጣት። እኛ የኑግ ፋጉሎና የተከካ ሽምብራ ትንሽ ትንሽ እየቀላቀልን ሰጠናት። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ኩበት እየገለበጥኩ ከሥሩ ያለውን ትል እንድትለቅም አደርግ ነበር። ትልና ምስጥ ለዶሮ ሥጋዋ ነው።

ሁለተኛ፣ ንጹሕ ውኃ ከአጠገቧ አይጥፋ።

ሦስተኛ፣ ያለ ምክንያት አንያዛት። አዲሱ ቀፎ ደም ስላለበት ሲነካ ያማታል፤ ቢሰበርም ይደማል። እኔ ካየኋት በኋላ ትንሹ ወንድሜ እንዳያባርራት ከልክዬዋለሁ።

አራተኛ፣ ሌሊት ከብርድና ከዝናብ እንከላከላት። ልብሷን አውልቃለችና።

ልብስ የሚቀይረው ዶሮ ብቻ አይደለም

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። የአህያችን ውርንጭላ ሲወለድ ጸጉሩ ረጅምና የተንጨባረረ ነበር፤ ሲያድግ ያ ጸጉር እየረገፈ አጭርና ልሙጥ ሆነ። እባብ ሲያድግ ቆዳውን ይገፋል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ጀርቢል የምትባል አይጥ የምትመስል ትንሽ እንስሳ አለች፤ ልጆች በቤታቸው ያሳድጓታል። ምንጯ የሞንጎሊያ ደረቅ ሜዳ ነው። ስትወለድ ምንም ጸጉር የላትም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ታበቅላለች፤ ስታድግ ደግሞ ያንን የልጅነት ጸጉር ጥላ የአዋቂ ጸጉር ትለብሳለች። እዚያ ያሉ ልጆችም «ጀርቢሌ ታመመች» ብለው ሳይደነግጡ አይቀሩም። ከእኔ እናት ጋር ይመሳሰላሉ!

መጨረሻው

የእኛ ገብስማ ሁዳዴን ከእኛ ጋር ጾመች ማለት ይቻላል፤ አንድም እንቁላል አልጣለችም። እናቴ በየሮቡ ገበያ ስትወጣ ወደ እኔ ታይና «እንግዲህ ያንቺ ዶሮ!» ትለኝ ነበር። እኔም እፈራ ነበር፤ ምክንያቱም ቅበላ አልፏል፣ ብሳሳት ዶሮዋም ዋጋዋም አብረው ይጠፉ ነበር።

ግን በየሳምንቱ አየኋት። አንገቷ ተሸፈነ። ቀጥሎ ደረቷ። ቀጥሎ ክንፏ ሞላ። ሆሣዕና ሲደርስ ጅራቷ ቆመ። አዲሱ ላባዋ ከድሮው ይልቅ ያብለጨልጭ ነበር። ለፋሲካ ገበያ ከልጆቿ መካከል ሁለቱን አውራዎች ሸጥን፤ እሷን ግን እናቴ ራሷ «ይቺስ አትሸጥም» አለች። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት አንድ ጠዋት ከዶሮ ቤቱ ስታስካካ ሰማኋት። ሮጬ ስሄድ አንድ እንቁላል፣ ገና ሙቅ፣ ጭድ ላይ ተቀምጧል። አያቴ በእጃቸው ይዘው አዩትና «ልብሷን ከፍላ ጨረሰች» አሉ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩበት እስክሪብቶ የተገዛው በእሷ እንቁላል ነው።

የእንቆቅልሹን መልስ አሁን ሁላችሁም አውቃችኋል፤ ዶሮ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዶሯችሁን አንድ ጊዜ ያዟትና ክንፏን ዘርግታችሁ እዩ። የጎደለ ላባ ካለ፣ በቦታው ቀፎ መኖሩን አረጋግጡ። ያያችሁትንም ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ጨምሩ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን!